ጉልበት ሲያንስ ብልሃት

በካምፓችን ስፖርት ሲባል ቶሎ የሚታወሰን እግር ኳስ ነው። ዛሬ ግን ከአሜሪካኖች ቤዝቦል አንድ ትምህርት እናንሳ።

ቤዝቦል የእኛን የገና ጨዋታ ትንሽ ይመስላል፤ ኳሱ የሚመታው በዱላ ነውና። ልዩነቱ፣ አንዱ ወርዋሪ ከ18 ሜትር ተኩል ገደማ ርቀት ይወረውራል፣ መቺው ዱላውን ይዞ ይጠብቀዋል። ጉልበተኛ ወርዋሪ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ሲለቀው ኳሱ ግማሽ ሴኮንድ ሳይሞላ ይደርሳል። ታዲያ ክንዱ እንዲህ የማይፈጥን ሰው ምን ይዋጠው?

ጄሚ ሞየርን እንመልከት። የእሱ ፈጣን ኳስ ከ130 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም ነበር። በ1992 (እ.ኤ.አ.) ዓመቱን በሙሉ በታችኛው ሊግ አሳልፏል። በኋላ ግን በዋናው ሊግ ድሎቹ 269 ደረሱ። ዘዴው ምንድን ነው? ክንዱን ልክ ለፈጣን ኳስ እንደሚያደርገው ይወነጭፋል፤ ኳሱን ግን ወደ መዳፉ ጠለቅ አድርጎ ስለሚይዘው ዝግ ብሎ ይሄዳል። መቺው ክንዱን አይቶ ዱላውን ሲሰነዝር ኳሱ ገና መንገድ ላይ ነው። በረኛውን ወደ ጎን አስወድቆ ፍጹም ቅጣት ምቱን ቀስ አድርጎ መሃል የሚያስገባ ተጫዋች አይታችሁ የለም? ነገሩ ያው ነው። መቺው ዝግታውን ከለመደ በኋላ ደግሞ ያ 130ው ራሱ ይፈጥንበታል።

ሁለተኛው ዘዴ ማነጣጠር ነው። ወርዋሪ አራት ኳስ ከተፈቀደው ቦታ ውጭ ከወረወረ መቺው በነፃ ያልፋል። ግሬግ ማደክስ በ1997 33 ጨዋታዎችን ጀምሮ በነፃ ያሳለፈው 20 ጊዜ ብቻ ነው። ከ1992 እስከ 1995 በተከታታይ የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ ተብሎ ተሸልሟል።

ፍጥነት አይጠቅምም ማለታችን አይደለም። ግን ፍጥነት ከዕድሜ ጋር ይሄዳል፣ ብልሃት ይቆያል። ሞየር በ2010 መጨረሻ ክንዱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት 2011ን ሳይጫወት ቀረ። ሚያዝያ 2012 ላይ በ49 ዓመቱ ተመልሶ አሸነፈ፤ በዋናው ሊግ ጨዋታ ያሸነፈ በዕድሜ ትልቁ ወርዋሪም ሆነ።

ወላጆች፣ ልጃችሁ «ጉልበት የለህም» ተብሎ ከሜዳ ዳር ሲቀመጥ ይህን ንገሩት። የጨርቅ ኳስና ጠመኔ ይበቃዋል። ግድግዳ ላይ አራት ማዕዘን ይሥራ፣ ከአሥር ውርወራ ስንቱ እንደገባ በየቀኑ ይቁጠር፤ በሳምንቱ ለውጡን ራሱ ይንገራችሁ።