ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፦ የምሽት ዛፍ በባለ ቀለም እና በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ



በቋንቋችን የምሽቱን መግቢያ በሁለት መንገድ እንጠራዋለን። «ጀምበር ስትጠልቅ» ስንል የምንናገረው ስለ ፀሐይ ነው፤ «ለዓይን ያዝ ሲያደርግ» ስንል ግን ስለ ተመልካቹ ነው። የዛሬው ንግግሬ ከሁለተኛው አጠራር ይነሣል። ባለ ቀለም ፎቶግራፍ እውነታን፣ ጥቁርና ነጭ ደግሞ ስሜትን ያሳያል ሲባል ደጋግመን እንሰማለን። በቀትር ይህ አባባል ከሞላ ጎደል ያስኬዳል፤ ሲመሽ ግን ይፈርሳል።

የዓይናችን ሬቲና ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሴሎች አሉት። ሾጣጣዎቹ ቀለምን ይለያሉ፤ ነገር ግን በቂ ብርሃን ይሻሉ። ዘንግ መሰሎቹ በጥቂት ብርሃን ይሠራሉ፤ ቀለምን ግን አይለዩም። ሾጣጣዎቹ በጋራ ከሁሉ አብልጠው የሚቀበሉት 555 ናኖሜትር ገደማ የሆነውን ቢጫማ አረንጓዴ ብርሃን ሲሆን፣ ዘንግ መሰሎቹ ደግሞ 507 ናኖሜትር ገደማ የሆነውን፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ብርሃን እየደከመ ሲሄድ ቀይ ነገር ቀድሞ ይጠቁራል፤ ሰማያዊና አረንጓዴው አንጻራዊ ድምቀቱን ይዞ ይቆያል። ክስተቱን በ19ኛው መቶ ዘመን የገለጠው የቼክ ተወላጁ ሳይንቲስት ያን ፑርኪንዬ ሲሆን፣ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

የእንስት ኮሶን ቀላ ያለ የአበባ ዘለላ አስቡ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከቅጠሉ መካከል ጎልቶ ይታያል። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ግን ያው ዘለላ ጠቆር ያለ ጉብታ ይሆናል።

ካሜራ ይህን ለውጥ አያውቅም። የሴንሰሩ የቀለም ማጣሪያ በቀትርም በምሽትም ያው ነው። መዝጊያው ለ8 ወይም ለ15 ሰከንድ ክፍት ከቆየ፣ ብርሃኑን አጠራቅሞ የኮሶውን ቅላት ይመልሰዋል፤ በሥፍራው ቆሞ የነበረ ሰው ግን ያን ቅላት አላየውም። ምስሉ ሐሰት ነው አልልም፤ ቅላቱ በዛፉ ላይ አለና። «ያየሁት ይህንን ነው» ማለት ግን አይቻልም። ቀይ ወደ ግራጫ በሚለወጥበት ጊዜ ድርሻው ከተቀነሰ፣ ለምሽቱ ዓይን የሚቀርበው ጥቁርና ነጩ ፎቶግራፍ ነው። ብዙዎች የሚያስቡት የዚህን ተቃራኒ ነው።

በሰማዩ ላይ ግን ባለ ቀለሙ ይረታል። የምሽት ሰማይ ጥልቅ ሰማያዊነት በአብዛኛው የሚመጣው ከኦዞን ነው፤ የፀሐይ ብርሃን በከባቢ አየር ውስጥ ረጅም መንገድ ሲያቋርጥ ኦዞን ብርቱካናማውንና ቀዩን ይመጠዋል። ሰማዩ ለዓይናችን ገና በቂ ብርሃን ስላለው ይህን ቀለም በርግጥ እናየዋለን። ካሜራው የነጭ ሚዛኑን ራሱ እንዲመርጥ ከተተወ ግን ሰማያዊነቱን እንደ ስሕተት ቆጥሮ ሊያርመው ይሞክራል። ሚዛኑን በቀን ብርሃን፣ ማለትም በ5,500 ኬልቪን ገደማ፣ ማሰር ይበጃል። በኋላ በኮምፒውተር ሰማያዊውን እያጎሉ ሁሉንም ምሽት አንድ ዓይነት ማድረግ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ የዘመናችን መጥፎ ልማድ ነው።

ጊዜውም አጭር ነው። በስቶክሆልም በሰኔ ወር ድንግዝግዙ ከአንድ ሰዓት በላይ ይዘልቃል። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወርዳለች፤ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ በ22 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ብርሃኑ መቶ እጥፍ ያህል ይቀንሳል። በየሦስት ደቂቃው ገደማ በግማሽ ይጎድላል ማለት ነው። አንዱን ዛፍ አንሥቶ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው የብርሃን ልኩን እንደገና ማስተካከል ግዴታው ነው።

ጥቁርና ነጩ የሚያጣው ምንድን ነው? እኩል ድምቀት ያላቸው ቀይና አረንጓዴ አንድ ግራጫ ይሆናሉ። ብሩህ ሰማይን ጀርባው ያደረገ ዛፍ ይህ አይጎዳውም፤ ግራር በጠፍጣፋ አናቱ፣ ዋርካ በተንሰራፋው ቅርንጫፉ ከነጥላው ይታወቃል። በቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ግን ጽድ፣ ወይራና ነጭ ባሕር ዛፍ ተደራርበው ሲቆሙ የቅጠሉ ቀለም ማስረጃ ነው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩት፤ ተመራማሪዎችም በትግራይ የተነሡትን ምስሎች ከዛሬው ገጽታ ጋር አነጻጽረው የዛፍ ሽፋንን ለውጥ አጥንተዋል። የዚያን ዘመን ፕሌት በዋናነት የሚቀበለው ሰማያዊን ብርሃን ስለነበረ፣ ቅጠል ጠቁሮ ሰማይ ነጥቶ ወጥቷል። ዛፍ እንደነበረ ምስሉ ይነግረናል፤ ምን ዛፍ እንደነበረ በግራጫው ልክ ብቻ መወሰን ግን አይቻልም።

ስለዚህ ለመስክ ሥራችሁ የምጠይቀው ይህን ነው። ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አድርጋችሁ ጥሬውን ፋይል በቀለም አስቀምጡ፤ እርሱን አትሰርዙ። ጥቁርና ነጩን ከእርሱ አውጡ፤ ሰዓቱን፣ የመዝጊያውን ቆይታና ለቀይ የሰጣችሁትን ድርሻ ከምስሉ ጋር ጻፉ። ነፋስ ካለ የባሕር ዛፍ ቅጠል በ8 ሰከንድ ውስጥ ጭስ መስሎ ይወጣል፤ ያንንም ጻፉት፣ ሌላ ሰው ጉም ነው ብሎ እንዳይተረጉመው። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።