ሰንጋው ቆላ ሲወርድ

ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከአዘዞ ተነስቶ አይከልንና ነጋዴ ባሕርን እያለፈ ገንዳ ውሃ የሚገባው አስፋልት መጨረሻው መተማ ዮሐንስ ነው፤ እዚያ ሲደረስ ከፍታው ወደ 700 ሜትር ይወርዳል። አየር በየሺህ ሜትሩ ቁልቁለት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ጠዋት ደጋ ላይ የተጫነ ሰንጋ በዚያው ቀን የሚወርድበት ምድር፣ በከፍታው ልዩነት ብቻ፣ 9 ዲግሪ ያህል የሞቀ ነው ማለት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ የመተማ ቀትር ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የደጋው ከብት ወደ ሱዳን ገበያ ሲወርድ የኖረው፣ በወረቀትም ያለ ወረቀትም፣ በዚህ መስመር ነው።

ስለ እርባታ እንስሳት አያያዝ በዓለም ላይ የሚካሄደው ክርክር የተጀመረው ከዚህ በጣም ከራቀ ቦታ ነው። እንግሊዛዊቷ ሩት ሃሪሰን እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመችው መጽሐፍ በዘመናዊ እርባታ ውስጥ ዶሮ፣ ጥጃና አሳማ እንደ ማሽን ዕቃ መያዛቸውን አጋለጠች። ሕዝቡ ተቆጣ፤ መንግሥትም በፕሮፌሰር ሮጀር ብራምቤል የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ1965 ባቀረበው ሪፖርት፣ እንስሳ ቢያንስ መቆም፣ መተኛት፣ መዞር፣ ራሱን ማጽዳትና እግሮቹን መዘርጋት መቻል አለበት አለ። ዛሬ የእንስሳት ሐኪሞች በየትምህርት ቤቱ የሚማሯቸው አምስቱ ነጻነቶች የመጡት ከዚህ ነው፤ እንስሳው ከረሃብና ከጥም፣ ከአካል ምቾት ማጣት፣ ከሕመምና ከጉዳት፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት ነጻ ሊሆን፣ የተፈጥሮ ባሕርዩንም ሊያሳይ ይገባዋል ይላሉ። አውሮፓ ዶሮዎችን ከጽሑፍ ወረቀት ባነሰ ቦታ የሚያጉረውን ጠባብ የሽቦ ቀፎ ያገደችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

ኢትዮጵያ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት አላት፤ በአፍሪካ የሚወዳደራት የለም። ከዚህ ውስጥ በቀፎና በጠባብ ጋጥ ተዘግቶ የሚያድገው እፍኝ አይሞላም። የምዕራብ ጎንደር ቆላ ከብት ቀኑን በሜዳ ይውላል፤ እንደ ልቡ ይግጣል፤ ከመንጋው ጋር ይተኛል። ክረምት ሲገባ የደጋው መሬት ስለሚታረስና ስለሚጨቀይ፣ ደገኛው ከብቱን ወደ መተማና ወደ ቋራ ሣር ይሰዳል። ባሕርይን በማሳየት ነጻነት ረገድ ይህ ከብት ከብዙ የአውሮፓ ላም ይሻላል። ታዲያ ጭካኔ የለም ማለት ነው? አለ፤ የሚገኘው ግን መንገድ ላይ ነው። ለሁለትና ለሦስት ዓመት በእረኛ ዓይን ሥር በሰላም ያደገ ወይፈን የሕይወቱን ክፉ ቀኖች የሚያየው ከገበያ እስከ ቄራ ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ሙቀቱን እንመልከት። ከብት ሆዱ ውስጥ እሳት ይዞ የሚዞር ፍጡር ነው፤ በትልቁ ጨጓራው ውስጥ ያሉት ረቂቃን ተሕዋስያን ሣሩንና አገዳውን ሲያብላሉ ብዙ ሙቀት ይፈጠራል። ይህን ሙቀት የሚያስወጣው በላብና በትንፋሽ ነው። ሻኛ ያለው የአገራችን ከብት ከፈረንጅ ላም የበለጠ ያልበዋል፤ ጠጉሩ አጭርና ለስላሳ ነው፤ ሰውነቱ የሚያመነጨው ሙቀትም ያንሳል። ስለዚህ በረሃን ይችላል። መቻሉ ግን የሚሟላው ከለመደ በኋላ ነው፤ ደጋ የኖረ ሰውነት ከቆላ አየር ጋር ለመስማማት ሳምንታት ይፈልጋል። መኪናው የሚሰጠው ደግሞ ሰዓታትን ብቻ ነው።

ሳይንቲስቶች ሙቀትንና የአየር እርጥበትን አንድ ላይ የሚያሰላ ልኬት አላቸው። በአሜሪካ ለከብት አድላቢዎች በወጣው ሠንጠረዥ 75 ሲደርስ ተጠንቀቁ ይባላል፤ 79 ሲደርስ አደጋ ነው፤ 84 ሲደርስ አስቸኳይ አደጋ ነው። ሠንጠረዡ የተሰናዳው ለፈረንጅ ዝርያ ስለሆነ የእኛ ከብት ከዚያ ትንሽ የበለጠ ይታገሣል። ስሌቱ ለመተማ ሲሠራ ግን አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይታያል። 40 ዲግሪ ሙቀትና 20 በመቶ እርጥበት ያለው የሚያዝያ ቀትር 84 ገደማ ይሰጣል። 30 ዲግሪ ሙቀትና 80 በመቶ እርጥበት ያለው የክረምት ቀትር ደግሞ 83 ይሰጣል። ሰው «ዛሬ ቀዝቀዝ ብሏል» በሚልበት የሐምሌ ወበቅ፣ ላቡ ሊተንለት ያልቻለ ሰንጋ ከሚያዝያው እኩል እየተቃጠለ ነው። ነጋዴው ለሚያዝያ ሲጠነቀቅ ሐምሌ ያመልጠዋል።

ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ከከብቱ ጎን በኩል ቆሞ ሽንጡ ሲነሳና ሲወድቅ ለግማሽ ደቂቃ መቁጠር፣ ከዚያ ቁጥሩን በሁለት ማባዛት ይበቃል። በደቂቃ ከ60 በላይ የሚተነፍስ ከብት ሙቀት በዝቶበታል። አፉን ከፍቶ፣ አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ለሐጩን እያዝረከረከ የሚያለከልክ ከሆነ ግን መጫን ቀርቶ ማንቀሳቀስም አይገባም፤ ጥላና ውሃ ነው የሚያስፈልገው። የቆላ እረኛ ይህን በልማድ ያውቃል። ከገዢ ወደ ደላላ፣ ከደላላ ወደ ሾፌር በሚደረገው መቀባበል ግን የእረኛው ዕውቀት ከከብቱ ጋር አይጓዝም።

ከዚያ ጭነቱ ይመጣል። በብዙ የገጠር ገበያ ከብት መጫኛ መወጣጫ የለም። አይሱዙው የኋላ ስፖንዳውን አውርዶ ወደ አንድ የአፈር ጉብታ ወይም የመንገድ ዳር ከፍታ ይጠጋል፤ በጉብታውና በመኪናው መካከል ክፍተት ይቀራል። ከፊት ሁለት ሰው የቀንዱን ገመድ ይስባል፤ ከኋላ አንዱ በዱላ ይመታል፤ ሌላው ጭራውን ይጠመዝዛል። ጭራ አጥንት አለው፤ አብዝቶ የተጠመዘዘ ጭራ ይሰበራል። ሰንጋው ክፍተቱን አይቶ ያፈገፍጋል፤ ባፈገፈገ ቁጥር ይመታል። በመጨረሻ ዘሎ ሲገባ ሰኮናው በሽንትና በፋንድያ በሚያዳልጥ ብረት ላይ ያርፋል። ራሱ ከስፖንዳው ጋር አጥሮ ስለሚታሰር በቁልቁለቱ ጠመዝማዛ መንገድ መኪናው በዞረ ቁጥር ሚዛኑን መጠበቅ አይችልም። አንዴ የወደቀ ደግሞ ከሌሎቹ እግር ሥር ነው የሚቀረው።

ስዊድን አገር በሚገኘው የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ፕሮፌሰር ግርማ ገብረሰንበትና ባልደረቦቻቸው፣ ከጉደር ገበያ እስከ አምቦ ቄራ ከብት እንዴት እንደሚያዝ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2012 አሳትመዋል። በረጅም የእግር ጉዞ መድከም፣ በቂ መኖና ውሃ ማጣት፣ ድብደባ፤ ከምዕራብ ሸዋ የመጣው ሥዕል ለመተማ ሰው እንግዳ አይደለም። ችግሩ የአንድ አካባቢ ሰው ክፋት ያመጣው አይደለምና።

ደግነቱ፣ ከብት ለምን እንደሚያፈገፍግ በደንብ ተጠንቷል። በዚህ ረገድ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲዋን ፕሮፌሰር ቴምፕል ግራንዲንን የሚያህል ሰው የለም። ከብት ዓይኖቹ በጎንና በጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ የማያየው ልክ ከኋላው ያለውን ነው። ስለዚህ ከጭራው ሥር ቆሞ የሚጮኽና የሚመታ ሰው ለእርሱ የማይታይ ጠላት ነው፤ ዞሮ ለማየት ይሞክራል እንጂ ወደ ፊት አይሄድም። ትከሻው ላይ ደግሞ የማይታይ መስመር አለ። ነጂው ከጎን ሆኖ ከትከሻው ወደ ኋላ ጠጋ ሲል ከብቱ ወደ ፊት ይራመዳል፤ ከትከሻው ወደ ፊት ሲያልፍ ወደ ኋላ ይመለሳል። መሬት ላይ የወደቀ ጥላ፣ የሚያብረቀርቅ ኩሬ፣ አጥር ላይ የተንጠለጠለ ነጠላ ሊያቆመው ይችላል፤ ጥላውን ጉድጓድ ይሁን ጥላ በፍጥነት መለየት ስለማይችል አንገቱን ደፍቶ እስኪያጣራ ጊዜ ይፈልጋል። ያን ጥቂት ጊዜ የተሰጠው ከብት ብዙውን ጊዜ ራሱ ይራመዳል። በዱላ የቀደሙት ከብት ግን ደንግጧል፤ የደነገጠ ከብት እስኪረጋጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ሊፈጅ ይችላል። ችኮላው ሰዓት ያባክናል እንጂ አያተርፍም።

ሕመሙ በሥጋው ላይም ይጻፋል። ጤነኛና የተረጋጋ ከብት በጡንቻው ውስጥ ስኳር ያከማቻል፤ ከታረደ በኋላ ያ ስኳር ወደ አሲድ ተቀይሮ የሥጋውን ፒኤች ወደ 5.5 አካባቢ ያወርደዋል። ቀይ፣ ለስላሳና ቶሎ የማይበላሽ ሥጋ የሚገኘው ያኔ ነው። ተርቦ፣ ፈርቶና ሲታገል ያደረ ከብት ግን ስኳሩን መንገድ ላይ ጨርሶታል። ሥጋው ይጠቁራል፤ ሲነኩት ይደርቃል፤ ፒኤቹ ከፍ ስለሚል ባክቴሪያ ቶሎ ይራባበታል። ክብደቱም ይቀንሳል፤ አንድ ቀን ያህል ያለ ውሃና መኖ የተጓዘ ከብት ከ5 እስከ 10 በመቶ ክብደቱን ሊያጣ ይችላል። 300 ኪሎ የሚመዝን ሰንጋ ላይ ይህ ከ15 እስከ 30 ኪሎ ነው። መጀመሪያ የሚቀንሰው የሆድ ዕቃውና ውሃው ነው፤ ሲቆይ ግን ሥጋው ራሱ ይቀልጣል። ይህ ኪሳራ ለነጋዴው መነገሩ መልካም ነው። ሆኖም ሥጋው ባይጠቁር፣ ኪሎውም ባይጎድል፣ የተሰበረው ጭራ ያው ያማል፤ ለዚህ ሲባል ብቻ ዱላው መቅረት ነበረበት።

ድንበሩ ከተሻገረ በኋላም መንገዱ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 በሱዳን ሱዋኪን ወደብ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሊያመራ የነበረ የእንስሳት መርከብ ከ15,000 በላይ በጎች እንደያዘ ሰጠመ፤ መርከቡ እንዲጭን የተፈቀደለት 9,000 ያህል ብቻ ነበር። ሠራተኞቹ ተረፉ፤ በጎቹ ግን ሊያልቁ ምንም አልቀራቸውም። ኒውዚላንድ እንስሳትን በቁማቸው በመርከብ መላክን እ.ኤ.አ. በ2023 ያቆመችው መሰል አደጋ በራሷ ከብቶች ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ተራ የጭነት መኪና ከብትን ከ8 ሰዓት በላይ እንዳያጓጉዝ ይከለክላል። ከጎንደር መተማ ያለው መንገድ ከዚህ ያንሳል፤ በየኬላው የሚቆምበት ጊዜ፣ ገበያ ላይ ታስሮ የዋለበት ቀን፣ ከመጫኑ በፊት በእግሩ የሄደው ሲደመር ግን ስምንት ሰዓት ምን አላት?

መፍትሔው ውድ አይደለም፤ ነገር ግን ሁሉም በእጅ ያለ አይደለም። በሌሊት መጓዝ ለከብቱ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ጸጥታው ባልተረጋጋ መንገድ ላይ ግን ሌሊት መንዳት የሰው ሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ማንም ሊፈርድ አይችልም። በእጅ ያለው የሚከተለው ነው። ገንዳ ውሃ ገበያ ዳር ክፍተት የማይተው፣ ከ20 ዲግሪ ያልበለጠ ቁልቁለት ያለው የአፈርና የድንጋይ መወጣጫ በጥቂት ሠራተኛ ጉልበት ይሠራል። የመኪናው ወለል ላይ አሸዋ ወይም የማሽላ አገዳ ቢነሰነስ ሰኮና አይንሸራተትም። ነጋዴ ባሕር ላይ ለመኪናው ራዲያተር ውሃ ሲሞላ ለከብቱም ማጠጣት ይቻላል።

ሁሉንም ያወሳሰበው የሱዳን ጦርነት ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ከመተማ ማዶ ባለችው የሱዳን ከተማ ገላባት በኩል ያለው መተላለፊያ የሚታመን አይደለም። በሩ በተዘጋ ቀን ለአንድ ሌሊት ታስቦ የወረደ መንጋ ለሳምንት ይቆማል፤ ነጋዴው ገንዘቡ ከብት ላይ ስለቀረ መኖ የሚገዛበት የለውም፤ የቆላውን የገንዲ በሽታ የማያውቀው የደጋ ሰንጋ በዝንብ እየተነከሰ ፀሐይ ላይ ታስሮ ይውላል። በዙሪያው ግን የመኸሩ የማሽላ አገዳ ማሳ ላይ ይቃጠላል፤ የሰሊጥ ፋጉሎም ከዘይት መጭመቂያው ይወጣል። አገዳውን ከመቃጠሉ በፊት ሰብስቦ ከገበያው አጠገብ መከመር፣ ዳስ ያለውና ውሃ የማይጠፋበት አንድ ማቆያ በረት ማዘጋጀት የወረዳው እንስሳት ጽሕፈት ቤትና የነጋዴዎቹ ማኅበር አብረው ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው፤ መጀመር ያለበትም ድንበሩ ክፍት በሆነበት ወቅት ነው።