ለጀማሪ የሚስማማው የዲስክ ጎልፍ ሜዳ የቱ ነው?

ጎልፍ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ባለጸጎች በሰፊ መስክ ላይ የሚጫወቱት፣ ዱላውም ኳሱም ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ጨዋታ ነው። ነገር ግን ዱላም ኳስም የማይፈልግ ሌላ ጎልፍ አለ፤ ይኸውም ዲስክ ጎልፍ የሚባለው ነው። ተጫዋቹ ሳህን የመሰለ የፕላስቲክ ዲስክ ይወረውራል፤ ዲስኩ ከወደቀበት ቦታ ሆኖ እንደገና እየወረወረ በመጨረሻ ሰንሰለት ከተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ያገባዋል። በጥቂት ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል።

የዚህ ጨዋታ አባት የሚባለው አሜሪካዊው ኤድ ሄድሪክ ነው። የመጀመሪያው ቋሚ ሜዳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፣ በፓሳዴና አጠገብ፣ በኦክ ግሮቭ መናፈሻ ተከፈተ። ያን ጊዜ ዒላማው ምሰሶ ነበረና «ነክቷል፣ አልነካም» የሚል ክርክር ሊነሣ ይችል ነበር። ሄድሪክ የሠራው ባለ ሰንሰለት ቅርጫት ግን ዲስኩን ይዞ ስለሚያስቀር ክርክሩን ገላገለ። ዛሬ በዓለም ላይ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሜዳዎች አሉ፤ በአሜሪካም ብዙዎቹ በሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ስለሚገኙ ያለ ክፍያ ይገባባቸዋል።

እንግዲህ ሜዳው ከበዛ ችግሩ ምርጫው ላይ ነው። ጀማሪን ከጨዋታው የሚያሸሸው የክንዱ መድከም ሳይሆን የሜዳው አለመስማማት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ከሥራ ውሎ በኋላ ልጆቹን ይዞ የወጣ አባት፣ ዲስኩን በጫካና በኩሬ ውስጥ ሲፈልግ ቢመሽበት፣ በሚቀጥለው እሑድ ከቤቱ አይወጣም።

ስለዚህ አስቀድሞ የሚታየው ርዝመት ነው። ለጀማሪ ከመወርወሪያው እስከ ቅርጫቱ ከ60 እስከ 90 ሜትር ይበቃል። 18 ቅርጫት ካለው ይልቅ 9 ያለው ይሻላል፤ በአንድ ሰዓት ገደማ ያልቃልና። ቀጥሎም ዛፉ የሳሳ፣ ሣሩ የታጨደ፣ ውኃ የራቀው ሜዳ ይመረጥ። በየመወርወሪያው የቆመው ሰሌዳ ርዝመቱንና የሚጠበቀውን የውርወራ ቁጥር ይናገራል። ሁለት መወርወሪያ ካለም ያለ ኀፍረት ከአጭሩ መጀመር ነው። ዩዲስክ የተባለው የስልክ መተግበሪያ ሜዳዎቹን በካርታ እያሳየ ርዝመታቸውንና የተጫዋቾችን አስተያየት ይሰጣል።

ለምሳሌ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በአርሊንግተን የሚገኘው የብሉሞንት መናፈሻ 9 ቅርጫት ያለው አጭር ሜዳ ስለሆነ ለመጀመሪያ ቀን ይመቻል። በሜሪላንድ፣ በጌይዘርስበርግ ያለው የሴኔካ ክሪክ ሜዳ ግን ደንና ዳገት የበዛበት ስለሆነ እጅ ከለመደ በኋላ ቢሄዱበት ይሻላል።

ዲስኩም ቢሆን ምርጫ አለው። ጀማሪ ጠርዙ ስል የሆነውን ፈጣን ዲስክ ይመኛል፤ ነገር ግን በቂ ኃይል ሳይሰጠው ሲቀር ቀኝ እጁን አዙሮ ለሚወረውር ሰው ወደ ግራ ታጥፎ ይወድቃል። ጠርዙ ደነዝ፣ ክብደቱም ቀለል ያለው ዲስክ ግን ቀጥ ብሎ ይበርራል። ለመጀመሪያ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል።

በመጨረሻም አደራ የምንለው ነገር አለ። መናፈሻው የእናቶችና የሕፃናትም ነው፤ ዲስክም ሰውን ሊያቆስል ይችላል። ስለዚህ በፊት ለፊት መንገደኛ ካለ ሳይወረውሩ መቆየት፣ ዲስኩም ወደ ሰው ካዘነበለ ጮኾ ማስጠንቀቅ ይገባል። ከኋላ የመጡ ፈጣን ተጫዋቾች ቢኖሩ ማሳለፍ ጨዋነት ነው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በአጭሩ ሜዳ የተደሰተ ሰው ረጅሙን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል።