ጤናማ እርጅና፦ ከሐኪም ቤት ውጭ የሚጀምር ሕክምና

በአሜሪካ የኦሃዮ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በኮሎምበስ የተከበበችው ቤክስሊ፣ ስፋቷ ከስድስት ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ትንሽ ከተማ ናት። ብሮድ እና ሜይን የተባሉት ሰፋፊ ጎዳናዎች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያቋርጧታል። ቤተ መጻሕፍቷ፣ ሱቆቿና ካፒታል ዩኒቨርሲቲ ከብዙ መኖሪያ ቤቶች በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። ይህ ለወጣት ምቾት ነው፤ ለአረጋውያን ግን የጤና ጉዳይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ዘገባ ጤናማ እርጅናን የለካው በበሽታ አለመኖር አይደለም። መለኪያው፣ ሰው የሚወደውንና ዋጋ የሚሰጠውን ነገር ለማድረግ ያለው ችሎታ ነው። ሁለት እናቶች አንድ ዓይነት የደም ግፊትና የጉልበት ሕመም ሊኖርባቸው ይችላል። አንደኛዋ በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ሲመለሱ፣ ሌላዋ የቤታቸውን ደረጃ መውረድ ካቃታቸው፣ በዚህ መለኪያ ጤናቸው እኩል አይደለም።

አንድ ሰው ሲወድቅ

በአሜሪካ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች፣ ከየአራቱ ቢያንስ አንዱ በየዓመቱ እንደሚወድቅ የአገሪቱ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል ይገልጻል። አንዲት የ75 ዓመት እናት ሌሊት ወደ መታጠቢያ ቤት ሲሄዱ ወደቁ እንበል። ሐኪሙ የተጎዳውን አጥንት ያክማል። ይሁንና ራስን የሚያዞረውን መድኃኒት ለይቶ የሚያመለክተው የመድኃኒት ባለሙያ ነው፤ የዓይን ሞራውን የሚያየው የዓይን ሐኪም ነው፤ የእግርን ጡንቻና ሚዛንን የሚያጠነክረው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። የግድግዳውን መደገፊያ የሚገጥመው አናጢ፣ የእግረኛ መንገዱን የሚጠግነውና መብራት የሚያበራው ደግሞ ማዘጋጃ ቤት ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል የሌሎቹ ድካም ይባክናል፤ የዳነው አጥንት በዚያው ወለል ላይ ዳግም ሊሰበር ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ለአረጋውያን የሚመቹ ከተሞችን የተመለከተ መመሪያ ያወጣው ከዚህ አስተሳሰብ ተነሥቶ ነው። መመሪያው ከዘረዘራቸው ስምንት ዘርፎች የጤና አገልግሎትን የሚመለከተው አንዱ ብቻ ነው፤ የቀሩት መጓጓዣን፣ መኖሪያ ቤትን፣ መከባበርንና ማኅበራዊ ተሳትፎን የመሳሰሉ ናቸው። በኮሎምበስና በፍራንክሊን ካውንቲ ይህን ሐሳብ በሥራ ለማዋል የተቋቋመው መርሐ ግብር የተጠለለው በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ኮሌጅ ውስጥ መሆኑም ጉዳዩ የሐኪሞች ብቻ አለመሆኑን ያሳያል።

ከቤት የማይወጡ ወላጆች

ኮሎምበስ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት። በልጆቻቸው ጥሪ የመጡ ብዙ ወላጆች የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ። ልጆች ለሥራ ሲወጡ፣ መኪና የማይነዱና ቋንቋውን የማይችሉ ወላጆች ቀኑን ለብቻቸው ይውላሉ፤ ክረምቱ ሲገባ ብቸኝነቱ ይበረታል። በአሜሪካ የሥራ ታሪክ የሌላቸው ከሆነ፣ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ይዘውም ሜዲኬርን ከፍለው ለመግዛት 65 ዓመት መሙላትና አምስት ዓመት በተከታታይ መኖር ይጠበቅባቸዋል።

ብቸኝነት የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የላንሴት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳመለከተው፣ 14 ሊለወጡ የሚችሉ መንስኤዎች ቢወገዱ በዓለም ላይ ካለው የአእምሮ መዘንጋት ሕመም ግማሽ የሚጠጋውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል። ከመንስኤዎቹ መካከል ከሰው መነጠል፣ የመስማት ችሎታ መቀነስ፣ ያልታከመ የዓይን ችግርና የደም ግፊት ይገኛሉ። ስለዚህ የጽዋ ማኅበር፣ ዕድርና ከጎረቤት ጋር የሚጠጣ ቡና ከመድኃኒቱ ጎን የሚቆጠሩ ናቸው። ጆሮ የከበዳቸው አባት ግን ጨዋታውን ስለማይሰሙ ከማኅበሩ ይሸሻሉ፤ እዚህ ላይ የመስሚያ መሣሪያውና ቡናው እርስ በርስ ይፈላለጋሉ።

ለቤተሰብ የሚቀርቡ መነሻዎች አሉ። በኦሃዮ ፓስፖርት የተባለው መርሐ ግብር፣ 60 ዓመት የሞላቸውንና የሜዲኬይድን መስፈርት የሚያሟሉ አረጋውያንን በቤታቸው ሳሉ ይረዳል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልም ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ መጠየቅ ይቻላል። በቀጣዩ የሐኪም ቀጠሮ ወላጅን የሚያጅብ ልጅ፣ የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ሁሉ በአንድ ከረጢት ይዞ መሄድና ባለፈው ዓመት ወላጁ ወድቀው እንደሆነ ለሐኪሙ መንገር ይችላል።