ከቀለሙ በታች ያለው ሥራ

በአዲስ አበባ በአትላስና በአካባቢው በፎቅ ቤት የሚኖሩ ብዙ ቤተ ሰቦች የጸሎት ስፍራቸውን የሚያዘጋጁት በጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ሥዕለ አድኅኖው አንዳንድ ጊዜ ከምድጃው እንፋሎት አጠገብ፣ አንዳንድ ጊዜም ፀሐይ በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሥዕሉ በወረቀት የታተመ ከሆነ ሌላ ይተካለታል። ከአያት የተወረሰ፣ በእንጨት ላይ የተሣለ ከሆነ ግን አንዴ ከጠፋ አይመለስም። እንዴት እንደምንጠብቀው ለመረዳት፣ ሠዓሊው ቀለም ከመንካቱ በፊት የሚሠራውን ሥራ ማወቅ ይገባናል።

በእንጨት ላይ ቅዱሳት ሥዕላትን መሣል በአገራችን እጅግ የተስፋፋው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ ማለት ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ዘመን የነበረው መነኩሴ ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙን የጻፈበት የእመቤታችን ሥዕል በጣና ሐይቅ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። ከዚያም ወዲህ ምእመናን በአንገታቸው የሚያንጠለጥሏቸው፣ እንደ መጽሐፍ የሚከፈቱና የሚዘጉ ጥቃቅን ሥዕላት ተሠርተዋል። ትልቁም ትንሹም በአብዛኛው የሚዘጋጀው በአንድ መንገድ ነው።

በመጀመሪያ እንደ ወይራና እንደ ዋንዛ ያለ እንጨት ተመርጦ በደንብ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ እርጥብ እንጨት ኋላ ሲደርቅ ይጣመማልና። ጣውላው ከተላገ በኋላ ከእንስሳ ቆዳ ተቀቅሎ የወጣ ሙጫ ይቀባል። ቀጥሎ የላመ ጀሶ በለብታ ሙጫ ተበጥብጦ በስሱ ይቀባል፤ ሲደርቅም ሌላ ይደረብበታል። ቸኩሎ በአንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ የቀባ ሰው ጀሶው ሲደርቅ ይሰነጠቅበታል። በመጨረሻ ፊቱ እስኪለሰልስ ይታሻል፤ ከዚያ ንድፍ፣ ከንድፉም በኋላ ቀለም ይከተላል።

ዝግጅት የሚያስፈልገው ለእንጨት ብቻ አይደለም። ከብረታ ብረት ቀልጠው የተሠሩ ጥቃቅን ምስሎችን የሚቀባ ሰውም ትርፉን ጠርዝ ይሞርዳል፤ ቅባቱን በሳሙናና በለብታ ውኃ ያጥባል፤ ቀድሞም አንድ ስስ መደብ ይቀባል። አለዚያ ቀለሙ ጣት በነካው ቍጥር ይላጣል። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፦ ብረቱን ለቀለም የሚያዘጋጀው ውኃ የእንጨቱን ሥዕል ያጠፋዋል።

ጀሶውን ከእንጨቱ ጋር ያያዘው የቆዳ ሙጫ ነው፤ ሙጫውም በውኃ ይለሰልሳል። እንጨቱ ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኰማተራል፤ ጀሶው ግን አብሮት መለጠጥ ስለማይችል ይሰነጠቃል፤ ቀለሙንም ይዞ ይረግፋል። ለበዓል ቤቷን ስታጸዳ ሥዕሉን በእርጥብ ጨርቅ የምትወለውል እናት ይህን የምታደርገው በፍቅር ነው፤ ነገር ግን ከጥቀርሻው ጋር የቅዱሱን ፊት ጭምር ልታነሣው ትችላለች።

ስለዚህ ለአንባብያን የምናሳስበው ይህን ነው። ሥዕሉ ከምድጃ፣ ከመታጠቢያ ቤት ግድግዳና ከፀሐይ ይራቅ። ጧፉና ዕጣኑ ሙቀታቸውና ጥቀርሻቸው እንዳይደርስበት ፈንጠር ብለው ይቀመጡ። እንደ አባቶቻችን ልማድ መጋረጃ ይደረግለት። አቧራው በደረቅና በለስላሳ ብሩሽ ይነሣ፤ ቀለሙ መርገፍ የጀመረ ከሆነ ግን ብሩሽም አይንካው። ያብረቀርቃል ብሎ ዘይት መቀባት፣ ያድሳል ብሎም በላዩ አዲስ ቀለም መደረብ አይገባም። የተጎዳው ሥዕል ለቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ይታይ።

ያ ሠዓሊ ማንም የማያየውን ጀሶ ደርቦ ደራርቦ የቀባው ሥዕሉ ለልጅ ልጅ እንዲደርስ ነው። እኛም ለልጆቻችን ሳናጐድል ብናስተላልፈው የድካሙ ተካፋዮች እንሆናለን።