ስለ ድኝ ጠባይ፤ በጎተራና በማሳ ስለሚሠራውም ሥራ

በመጻሕፍት ዲን ተብሎ የተጠራው፣ ባላገሩም ድኝ የሚለው ቢጫ ማዕድን፣ በአገራችን በቀድሞ ዘመን ይልቁንም የታወቀው ለባሩድ ሥራ በመግባቱ ነበር። በአፋር ምድር፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው በዳሎል፣ ከጨውና ከፍል ውሃ ጋራ በምድር ላይ ተገልጦ ይታያል። ለሹማምንትና ለባለ መሬቶች ግን ከባሩዱ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው በእህል ላይ የሚያደርገው ጥቅምና ጉዳት ነው።

ድኝ ብቻውን ሲሆን ሽታ የለውም ለማለት ይቻላል፤ በውሃም አይሟሟም። በ115 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ እሳት ሲነካውም በሰማያዊ ነበልባል ይነዳል። ሰው የድኝ ሽታ የሚለው ክፉ ሽታ ከሌላ ነገር ጋራ ከተዋሐደ በኋላ የሚወጣው ነው። ነዶ ከአየሩ ኦክሲጅን ጋራ ሲዋሐድ ጉሮሮ የሚያንቅ ጢስ ይሆናል፤ ከሃይድሮጅን ጋራ ሲዋሐድ ደግሞ እንደ ተበላሸ እንቍላል የሚሸት መርዝ ይሆናል። የብር ማንኪያ እንቍላል ሲነካው የሚጠቍረውም በእንቍላሉ ውስጥ ባለው ድኝ ምክንያት ነው።

ይህ የሚያንቀው ጢስ ተባይን ስለሚገድል፣ ቤትንና ጎተራን በድኝ ማጠን በብዙ አገር የቈየ ልማድ ነው። ጎተራው ባዶ ሲሆን ነገሩ መልካም ነው፤ የሣር ክዳን ያለው እንደ ሆነ ግን እሳቱን መፍራት ያስፈልጋል፤ ሰውና ከብትም ይራቁ፤ በኋላም ጎተራው በሚገባ ይናፈስ። እህል በውስጡ ሳለ፣ ይልቁንም ለዘር የተቀመጠ እህል ሳለ ማጠን ታላቅ ጥፋት ነው። ጢሱ በቅንጣቷ ውስጥ ካለው እርጥበት ጋራ ሲገናኝ አሲድ ይሆንና የምትበቅልበትን ፍሬ ነገር ያበላሻል። ክፋቱ የማይታይ መሆኑ ነው። እህሉ ሲያዩት ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም ጢሱ ስለሚያነጣው ያማረ ይመስላል። ገበሬውም የተሰጠውን ዘር በእምነት ዘርቶ፣ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ባዶ ማሳ ያገኛል፤ ያን ጊዜ የሚመልስለት የለም። ስለዚህ ዘር የሚያከፋፍል ሹም ከየጎተራው 100 ቅንጣት አስቈጥሮ፣ በእርጥብ ጨርቅ አስጠቅልሎ፣ ጥቂት ቀን ካቈየ በኋላ የበቀለውን ያስቈጥር። ፈተናው ገንዘብ አያስወጣም።

በጎተራ እንዲህ የሚያጠፋው ድኝ በማሳ የተክል ምግብ ነው። ተክል ቢጫውን ድኝ እንዳለ ሊወስደው አይችልም፤ በዐፈር ውስጥ የሚኖሩ ረቂቃን ሕያዋን ወደ ሰልፌት ሲለውጡት ግን ከውሃ ጋራ በሥሩ ይስበዋል። ሽንኩርትና ሰናፍጭ የሚያቃጥል ጠባያቸውን ያገኙት ከእርሱ ነው፤ ባቄላና ስንዴም ሰውነት የሚገነባውን ክፍላቸውን ያለ እርሱ አይሠሩም። ማሳው ድኝ ሲያጣ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ናይትሮጅን ሲጎድልም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን ያኛው ቢጫነት ከታች ካረጀው ቅጠል ሲጀምር፣ የድኝ እጦት ከላይ ከለጋው ቅጠል ይጀምራል። ይህን ያልለየ ሰው በዩሪያ ላይ ዩሪያ እየጨመረ ይከስራል።

ለብዙ ዘመን ለገበሬው ሲታደሉ የኖሩት ዳፕና ዩሪያ ድኝ የለባቸውም። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በተደረገው የዐፈር ምርመራ ድኝ በብዙ ማሳ እንደ ጎደለ ስለ ታወቀ፣ በዳፕ ፈንታ ኤን ፒ ኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ገባ፤ ከ100 ኪሎው 7 ኪሎ ድኝ ነው።

በባላገሩ በረት ያለው ፍግም ድኝ አለበት። ኩበት ሲነድ ግን ናይትሮጅኑ፣ ከድኙም ብዙው ከጢሱ ጋራ ይሄዳል፤ በአመዱ የሚቀረው ይልቁንም ፎስፎርና ፖታሽ ነው። ማገዶ የሌለውን ሰው ኩበት አታንድድ ማለት እንጀራ አትጋግር እንደ ማለት ስለ ሆነ፣ ሹሙ አስቀድሞ በማይታረሰው ጭንጫ ላይ የማገዶ ዛፍ ያስተክል፤ የተረፈውንም ፍግ ከጥላ በታች በጕድጓድ ያስከምር፤ ሰልፌት በዝናብ ፈጥኖ ይታጠባልና።