የአጭር ጊዜ ቤት አከራዮችና የኒው ዮርክ ከተማ ሕግ

ለመንገደኛ መኝታ አሰናድቶ ዋጋ መቀበል ከጥንታውያን የንግድ ሥራዎች አንዱ ነው። ዕቃ ጭኖ ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወር ነጋዴ ባለበት ሁሉ ለእርሱ ክፍል የሚለቅ ባለቤት አይታጣም። ይሁን እንጂ በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2008) ኤርቢኤንቢ የተባለው ድርጅት በሳን ፍራንሲስኮ ከተመሠረተ ወዲህ ይህ ሥራ መልኩን ለውጧል። ድርጅቱ የሚያከራየው ክፍል የራሱ አይደለም፤ ሥራው በኢንተርኔት አማካይነት ባለቤትንና እንግዳን አገናኝቶ የድለላ ዋጋ መቀበል ነው። በዚህ መንገድ ከአንድ ሌሊት ጀምሮ ለጥቂት ቀኖች ቤት ማከራየት በብዙ ከተሞች ተስፋፍቶ ማዘጋጃ ቤቶችን አሳስቧል። ጥብቅ ሕግ ካወጡትም ከተሞች አንዷ ኒው ዮርክ ናት።

የሕጉ መነሻ

ነገሩ የተጀመረው ቀደም ብሎ ነው። በ2002 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ግዛት ባወጣው ሕግ መሠረት ሦስትና ከዚያ በላይ መኖሪያዎች ባሉት ሕንፃ ውስጥ ቋሚው ነዋሪ አብሮ ሳይኖር አንድን አፓርታማ ከ30 ቀን ለሚያንስ ጊዜ ማከራየት ተከለከለ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ እንዲህ ያለውን ኪራይ ማስታወቅ ራሱ እስከ 7,500 ዶላር የሚያስቀጣ ሆነ። ሆኖም ክልከላው በወረቀት ላይ ቢሰፍርም በሥራ ላይ ማዋሉ አዳጋች ነበር። በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቤቶች መካከል ማን ለማን እንዳከራየ መርማሪ በየበሩ እያንኳኳ ሊደርስበት አይችልም።

በዚህም መካከል ብዙ አፓርታማዎችን ሰብስበው ያለ ፈቃድ ሆቴል የሚያካሂዱ ሰዎች በረከቱ። ከተማይቱ በቤት እጥረት የምትሠቃይ ስለሆነች ነገሩ የነዋሪዎችን ቁጣ ቀሰቀሰ። በ2015 ዓ.ም. በተደረገው የቤቶች ጥናት ለኪራይ ክፍት ሆኖ የተገኘው ቤት ከመቶ 1.4 ብቻ ሲሆን፣ ይህም ከ1960 ዓ.ም. ወዲህ ያልታየ ዝቅተኛ መጠን ነው። ለቋሚ ነዋሪ ሊሆን የሚገባው ቤት ለጎብኚ መዋሉን የተቃወሙት ወገኖች ክርክራቸው በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

ደላላውን የያዘ ሕግ

ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕግ የሆነው የከተማው ሕግ ቁጥር 18 መርማሪን በየቤቱ ከመላክ ይልቅ ኬላውን መያዝን መረጠ። ከ30 ቀን ላነሰ ጊዜ የሚያከራይ ሁሉ በከንቲባው ሥር ባለው ልዩ የሕግ ማስፈጸሚያ ቢሮ 145 ዶላር ከፍሎ እንዲመዘገብ ታዘዘ። አገናኝ ድርጅቶችም የአከራዩን የምዝገባ ቁጥር ሳያረጋግጡ ውል አስፈጽመው ዋጋ መቀበል አይችሉም። ይህን ተላልፎ የተገኘ ድርጅት ለእያንዳንዱ ውል 1,500 ዶላር ወይም የድለላውን ዋጋ ሦስት እጥፍ ሊቀጣ ይችላል፤ ያልተመዘገበው አከራይም እስከ 5,000 ዶላር የሚደርስ መቀጫ ይጠብቀዋል።

ከምዝገባው ይልቅ የከበደው ግን ከእርሱ ጋር የተያያዘው ግዴታ ነው። አከራዩ እንግዳው በሚያርፍበት ጊዜ በዚያው ቤት አብሮ መኖር አለበት። ከሁለት በላይ ከፋይ እንግዶች መቀበል አይችልም። በውስጥ ያሉት በሮችም ተቆልፈው እንግዳውን ከቀረው የቤቱ ክፍል ሊለዩት አይገባም። የሕንፃ ባለቤቶችም ሕንፃቸው እንዲህ ላለው ኪራይ የተከለከለ መሆኑን አስቀድመው ለቢሮው ማስታወቅ ይችላሉ።

የአከራዮች ምላሽ

የመጀመሪያው ምላሽ በፍርድ ቤት በኩል የመጣ ነው። ግንቦት 24 ቀን 2015 ዓ.ም. ኤርቢኤንቢ ከተማውን ከሰሰ፤ ሦስት አከራዮችም የየራሳቸውን አቤቱታ አቀረቡ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ከከተማው የአጭር ጊዜ ኪራይ ያገኘው የተጣራ ገቢ 85 ሚሊዮን ዶላር መሆኑን በክሱ ገልጾ፣ ሕጉ በስም ቁጥጥር ይባል እንጂ በተግባር ክልከላ ነው ሲል ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን ነሐሴ 2 ቀን የከተማው ደንብ በቂ ምክንያት ያለው ነው ብሎ ክሱን ሰረዘ። ከአራት ሳምንት በኋላም፣ ነሐሴ 30 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ሕጉ በሥራ ላይ ዋለ።

ከዚያ ወዲህ አከራዮች በየአቅማቸው መንገድ ፈለጉ። አንዳንዶቹ ግዴታውን ተቀብለው ተመዘገቡ። ብዙዎቹ ምዝገባ ወደማያስፈልገው የ30 ቀንና ከዚያ በላይ ኪራይ ተዛወሩ፤ በዚህም በየሌሊቱ ይገኝ የነበረውን ትርፍ ትተው በወር የሚታሰበውን ተቀበሉ። ሌሎችም ሥራውን ጨርሰው ተዉ። ወንዙን ተሻግሮ ወደ ጀርሲ ሲቲ መሄድም ከቁጥጥር የሚያድን አልሆነም፤ የዚያ ከተማ ሕዝብ በጥቅምት ወር 2012 ዓ.ም. በሰጠው ድምፅ የራሱን ጥብቅ ደንብ ቀደም ብሎ አጽድቆ ነበርና።

በስንዴውና በእንክርዳዱ መካከል

ከሁሉ ይልቅ የተጎዱት በብሩክሊንና በኩዊንስ ሰፈሮች ባለ ሁለት መኖሪያ ቤት ያላቸው ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለው ባለቤት በአንደኛው ፎቅ እየኖረ ሌላውን ለእንግዳ በማከራየት የባንክ ዕዳውን ይከፍል ነበር። በሕጉ አስተያየት ግን ሁለቱ ፎቆች ሁለት የተለያዩ መኖሪያዎች ስለሆኑ፣ ባለቤቱ በላይ ቢኖርም በታች ካለው እንግዳ ጋር አብሮ እንደሚኖር አይቆጠርም። ለቋሚ ተከራይ እንዳይሰጠው ደግሞ ዘመድ ሲመጣበት ቤቱን ማስለቀቅ አይችልም፤ ኪራዩን የማይከፍል ተከራይ ቢገጥመውም በፍርድ ቤት ረጅም ጊዜ መጉላላት ይኖርበታል። ሕጉ እንክርዳዱን ለመንቀል ሲነሣ ስንዴውን አብሮ ነቀለ የሚለው የእነዚህ ሰዎች ቅሬታ ከዚህ የመነጨ ነው።

እነርሱም በማኅበር ተሰብስበው ለከተማው ምክር ቤት አባሎች አቤት አሉ። ከዚህም በኋላ በ2017 ዓ.ም. ባለ አንድና ባለ ሁለት መኖሪያ ቤት ባለቤቶች በሌሉበትም ጭምር እንዲያከራዩ የሚፈቅድ ረቂቅ ለምክር ቤቱ ቀረበ። የሆቴል ሠራተኞች ማኅበርና የተከራዮች ጠበቆች ግን በጥብቅ ተቃወሙት። በእነርሱ አስተያየት፣ አንዲት በር በትንሹ ከተከፈተች ለነዋሪ የቀረው ጥቂት ቤት በዚያችው በር ይወጣል። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ስለ ቤት ነው፤ አንደኛው ያለውን ቤት ላለማጣት፣ ሌላው ቤት ለማግኘት።

ለንግዱ ማኅበር አባሎች ከዚህ ጉዳይ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። ለሥራ ጉዳይ ወደ ኒው ዮርክ የሚጓዝ ነጋዴ ከ30 ቀን ላነሰ ጊዜ የሰው ቤት ለመከራየት ቢያስብ፣ ገንዘብ ከመክፈሉ አስቀድሞ የአከራዩን የምዝገባ ቁጥር መጠየቅ ይገባዋል። ሁለተኛው ግን ከዚህ ይሰፋል። አንድን አፓርታማ ያከራየውና መቶውን የሰበሰበው ለብዙ ዓመታት በአንድ ስም ሲጠሩ፣ ትናንሾቹ ልዩነታቸውን በጉልህ አላስታወቁም። ሚዛኑ ከተሠራ በኋላ ክብደትን ማስረዳት እጅግ አድካሚ ነው። በማናቸውም የንግድ ዘርፍ ሥራውን በቅንነት የሚያካሂድ ነጋዴ መዝገቡን አስተካክሎ፣ ከመሰሎቹ ጋር ተማክሮ፣ ሐሳቡን ለሕግ አውጪው ማቅረብ የሚገባው ረቂቁ ገና በጠረጴዛ ላይ ሳለ ነው።